ሥጋው የማን ነው?

አስተናጋጁ ልጅ ምንም ጥፋት የለበትም። ይህን ከሁሉ በፊት ልናገር። ነጭ ሸሚዙ በደንብ ተተኩሷል። እጁን ወደ ኋላ አጣምሮ፣ ጎንበስ ብሎ ነው የሚያዳምጠው። ጎረቤታችን እማማ ሐረር ሜኑውን ወደ ጎን አድርጋ ጠጋ አለችው። ድምጿንም ዝቅ አደረገች።

"ልጄ፣ ሥጋው የማን ነው?"

"የበግ ነው፣ እማማ። የበሬም አለን" አላት።

ጠረጴዛው በሙሉ ሳቀ። እሷም ሳቀች። ልጁ ነገሩ ባይገባውም አብሮን ሳቀ። ለአገሩ እንግዳ መሆኑ ከመጀመሪያው ያስታውቃል፤ ሁላችንንም "እርስዎ" እያለ ነበር የሚያስተናግደን። ድሬ ዳዋ ላይ "እርስዎ" የሚላችሁ ሰው ወይ ትናንት የመጣ ነው፣ ወይ ተቀይሟችኋል። እማማ ሐረርን ራሷን፣ ከነሽበቷ፣ "አንቺ" ነው የምንላት።

ሁሉም ሲስቅ እኔን ግን ላብ አጠመቀኝ። በዚያ ሁሉ ኤሲ። ጥያቄውን ድሬ ያደገ ሰው ማንም ይረዳዋል። በጉ ሲታረድ የተባለው በስመ አብ ነው ወይስ ቢስሚላህ? ቢላዋውን የያዘው የማን እጅ ነው? እኔ ያንን ምሽት ለማዘጋጀት ሁለት ሳምንት ሙሉ ስደውል፣ ስዞር፣ ስከራከር ከርሜያለሁ። ይህን አንዱን ጥያቄ ግን ማንንም አልጠየቅኩም።

ወራት አልፈዋል። አሁንም ሳህን ሳጥብ፣ ታክሲ ስጠብቅ ድንገት ትዝ ይለኛል። "የበግ ነው፣ እማማ።"

ክላስ ያለው ቦታ

ነገሩ የተጀመረው በቴሌግራም ነው። አባዬና እማዬ የተጋቡት ጥር 18 ቀን 1977 ዓ.ም. ነው። ሰባ ሰባት ከተባለ ሌላ ማብራሪያ አያስፈልግም። ሰርግ የሚደገስበት ዓመት አልነበረም። ትንሽ ጠላ ተጠመቀ፣ አንድ በግ ታረደ፣ ሽማግሌ መረቀ፣ በቃ። እማዬ ይህን ስታወራ ሁልጊዜ አንድ ነገር ትጨምራለች፦ "ያንን በግ እኔ አልቀመስኩትም።" ሙሽራ ናት፣ አንገቷን ደፍታ ተቀምጣለች፣ እንግዳ በላው። በምሬት አይደለም የምትናገረው። እየሳቀች ነው። ግን አርባ ዓመት ሙሉ ስትናገረው ሰምተናል።

አርባ ዓመታቸው በ2017 ጥር ላይ ሊሞላ ሲል እኛ አራት ልጆች ያንን በግ እናብላት አልን።

ካናዳ ያለችው እህቴ "ብሩ የኔ፤ ቦታው ግን ክላስ ይኑረው" ብላ ጻፈች። ጅቡቲ የሚሠራው ትንሹ አውራ ጣት ላከ፤ እሱ ለሁሉም ነገር አውራ ጣት ነው የሚልከው። ድሬ ያለው ታላቅ ወንድማችን ብቻ "ቤት ብንደግስስ?" አለ። ተሰደበ። በራሷ በዓል ሽንኩርት ልታስከትፋት ነው ወይ ተባለ። እውነት ነው፣ ቤት ከተደገሰ እማዬ ወንበር ላይ አትቀመጥም። ስለዚህ ውጭ ይሁን ተባለና መራጯ እኔ ሆንኩ። ለምን? አዲስ አበባ ስለምኖር። "አንቺ ሬስቶራንት ታውቂያለሽ" ተብዬ። ድሬ ከተወለድኩበት ቤት ከወጣሁ አሥራ ሦስት ዓመት አልፎኛል።

ድሬ ዳዋ ትንሽ ከተማ አይደለችም። ግን ነጭ ጨርቅ የለበሰ ጠረጴዛ ስትፈልጉባት ትንሽ ትሆናለች። ምግብ ጠፍቶ አይደለም። ጠዋት ፉልና ፈጢራ አለ። ቀን ሐኒድ በሩዝ አለ፤ ሥጋው ገና ሲነኩት ከአጥንቱ የሚላቀቅ። ወደ ማታ በየመንገዱ ዳር ሳምቡሳው፣ ባጂያው፣ ጣፋጩ ሙሸበክ። ግን ድሬ ጥሩውን ምግብ የምትበላው በአብዛኛው የፕላስቲክ ወንበር ላይ፣ በእጅ፣ ግንባር እየተጠረገ ነው። አርባ ዓመት ደግሞ በፕላስቲክ ወንበር አይከበርም አልኩ። ይህቺን ዓረፍተ ነገር ያዙልኝ።

ነጭ ጨርቅ ያልኩት ለአባዬ ብዬ ነው። አባዬ ዕድሜውን በምድር ባቡር ወርክሾፕ የጨረሰ ሰው ነው። በወጣትነቱ ፈረንሳዮቹ አለቆች ሲበሉ በመስኮት ያይ ነበር። ስለ ምግቡ አያወራም። ስለ ጨርቁ ነው የሚያወራው። "እንደ ጥምቀት ልብስ ነጭ" ይላል። እንግዲህ ለእሱ ጨርቁን፣ ለእሷ በጉን። ዕቅዴ ይህ ነበር፣ ክፉ ዕቅድ አይመስለኝም።

ሦስት ቦታ ቀረኝ። አንዱ ሐረር ነው፤ ማታ የደንገጎን ቁልቁለት መውረድ፣ ያውም ከጭነት መኪና ጋር እየተጋፉ፣ እማዬን መኪና እያጥወለወላት፣ አይሆንም። ሁለተኛው እዚያው ድሬ፣ ከዚራ ሰፈር ውስጥ ያለ ግቢ ነው። ትልልቅ ዛፎች፣ በዛፎቹ ላይ የተጠመጠመ አምፖል፣ ጠረጴዛ ሥር የሚዞሩ ሁለት ድመቶች። ባለቤቷ ራሷ ናት የምታበስለው። ሦስተኛው አዳራሹ የሚያበራ፣ ሹካና ቢላዋው በልኩ የተደረደረ፣ ስሙን የማልጠራው ቤት ነው።

በባጃጅ እየዞርኩ ሁሉንም አየሁ። ዝርዝር ይዤ ነበር፣ ስልኬ ላይ ተጽፎ። የአባዬ ጉልበት ስለሚያመው ደረጃ አለው ወይ? መብራት ቢሄድ ጀነሬተር አለ? ኬክ ከውጭ ይገባል? ሙዚቃው ይቀነሳል? ቀብዱ ስንት ነው? ዋጋው ቫትና ሰርቪስ ጨምሮ ነው ወይስ ሳይጨምር? ይቺን የመጨረሻዋን ማንም እንዳይረሳት። 15 በመቶ ቫት፣ 10 በመቶ ሰርቪስ ከላዩ ሲወርድበት ሺህ ብር ያላችሁት ሳህን 1,250 ብር ግድም ሆኖ ይመጣል። ስምንት ሰው ሆናችሁ አስቡት።

በዝርዝሩ ራስ ላይ የነበረው ግን "ኤሲ አለው?" የሚለው ነው። በጥር። ድሬ በዓመት ውስጥ አንዴ ሰው ሆና ንፋሷ የሚጠጣበት ወር ላይ፣ ሰው ሁሉ ደጅ ወንበር አውጥቶ በሚያመሽበት ወር ላይ፣ እኔ ኤሲ ፍለጋ ዞርኩ። ሳይቸግር ጤፍ ብድር ይሉታል።

ሦስተኛውን መረጥኩ። ቀብድ ከፈልኩ።

ዓሣ አምሮኛል

እሑድ ማታ ስምንት ሆነን ገባን። ሰባቱ ቤተሰብ፣ ስምንተኛዋ እማማ ሐረር ናት። ስሟ ይህ አይደለም። የሐረር ልጅ ስለሆነች ከልጅነታችን ጀምሮ የምንጠራት እንዲህ ነው። ግድግዳ ብቻ ነው የሚለየን። እሷ የሌለችበት የእማዬ ቀን የለም፤ ስለዚህ ትጠራ ወይ ብሎ የጠየቀ እንኳ አልነበረም።

አባዬ ተቀመጠና ከምንም በፊት ጨርቁን በመዳፉ ዳሰሰ። ፎቶ አነሳሁት። እዚያ ላይ ምሽቱ ቢያበቃ ኖሮ የዓመቱ ምርጥ መራጭ እኔ ነበርኩ።

ኤሲው ቀጥታ እማዬ ላይ ነበር የሚነፍሰው። ነጠላዋን አጣፋች፣ ደግማ አጣፋች፣ በመጨረሻ እንደ ለቅሶ ቤት ተከናነበች። በየሰዉ ፊት የወይን ብርጭቆ ተገትሯል። እማማ ሐረር የራሷን በሁለት ጣት ይዛ፣ ድምፅ ሳታሰማ፣ ወደ እኔ አስጠጋችው። አየኋት። ግን ያኔም ነገሩ አልገባኝም። ሜኑው መጣ፤ ግማሹ እንግሊዝኛ፣ ግማሹ እንግሊዝኛ በአማርኛ ፊደል። ከዚያ ያቺ ጥያቄ።

ልጁ ወደ ኩሽና ሄዶ ከኃላፊው ጋር ተመለሰ። ኃላፊው ጨዋ ሰው ነው። ድምፁ ግን አዳራሽ የለመደ ድምፅ ነው። "የምንጠቀመው የክርስቲያን ሥጋ ነው፣ እናቴ። አንድ ቀን ቀደም ብሎ ቢነገረን ለብቻው እናዘጋጅ ነበር። አሁን ግን ዓሣና አትክልት አለን" አለ። ከጎናችን ያለው ጠረጴዛ ዞሮ አየን። አንድ ቀን ቀደም ብሎ ቢነገረን። እኔ አራት ቀን ቀደም ብዬ እዚያው ቆሜ ስለ ጀነሬተር ስጠይቅ ነበር።

እማማ ሐረር "ዓሣ ደግሞ ምን አለው፣ እንዲያውም እወዳለሁ" አለች። ዓሣ አይታረድ፣ አይባረክ፤ የማንም ነው። ነገሩ እዚህ ጋ ያለቀ መሰለኝና ተነፈስኩ። ለእማዬ የበግ ጥብሱን ልዘዝላት ወደ ልጁ ዞርኩ።

እማዬ ሜኑዋን ዘጋች። ቀስ ብላ ነው የዘጋችው፣ እንደ ዳዊት።

"እኔም ዓሣ አምሮኛል" አለች።

እናቴ ዓሣ አትበላም። አለመውደድ ብቻ አይደለም፣ ትፈራዋለች። ልጅ እያለሁ እሾሁ ጉሮሮዋ ላይ ተሰክቶ ሆስፒታል አድራለች። ከዚያ ወዲህ ቤታችን ዓሣ ገብቶ አያውቅም። በሁዳዴ ጎረቤት ዓሣ ሲጠብስ እንኳ መስኮት የምትዘጋ ሴት ናት፤ "ጾም ነው አይደለም" የሚለውን ክርክር ሳይሆን ሽታውን ሸሽታ። እና ይህቺ ሴት፣ አርባ ዓመት የጠበቀችው በግ ሊቀርብላት ሁለት ደቂቃ ሲቀረው፣ ዓሣ አማራት።

አባዬ መነጽሩን ከፍ አድርጎ አያት። ምንም አላለም። ሜኑውን ሳይመለከት "ለእኔም ዓሣ" አለ። ወንድሜ ቀጠለ፣ ሚስቱ ቀጠለች። ልጁ አንገቱን እያከከ "ይቅርታ፣ ዓሣው ለአራት ሰው ነው የሚበቃው" ሲል እንደገና ተሳቀ። የቀረው አትክልት አዘዘ።

እኔስ? እኔ ቀድሜ ጥብስ አዝዤ ነበር። ላስቀይር አፌን ስከፍት እማዬ በዓይኗ "ተይው" አለችኝ። በላሁት። የሚቆጨኝ መብላቴ አይደለም። መጣፈጡ ነው።

ዓሣው ሙሉውን መጣ፣ ከነጭንቅላቱ፣ ሎሚ ተሰክቶበት። ከሹካው ጎን ለዓሣ ተብሎ የተሠራ ሰፊ ቢላዋ ነበር። እማዬ ቢላዋውን አየችው፣ ዓሣውን አየችው። ፊቷ ላይ ያንን የሆስፒታሉን ሌሊት አየሁ። እማማ ሐረር ያኔ ከእጅ ማጽጃው ጨርቅ ላይ እጇን ጠረገች። የእማዬን ሳህን ወደ ራሷ ሳበች። ከዚያ በጣቶቿ፣ ከጭንቅላቱ እስከ ጭራው፣ ሥጋውን ከእሾሁ መለየት ጀመረች። እየለየች፣ እንደገና በጣቷ ጫፍ እየዳሰሰች፣ ንጹሑን በሳህኑ ዳር ትቆልላለች። እያወራች ነው የምትሠራው፤ ስለ አንድ የሰፈር ሰው ቤት ሽያጭ። የራሷ ዓሣ ቀዘቀዘ።

የመጀመሪያውን ጠቅልላ አጎረሰቻት። እማዬ ዓይኗን ጨፍና ዋጠች።

ካናዳዋ በቪዲዮ ደውላ ነበር። "ዋው፣ እንዴት ያምራል ቦታው!" አለች።

ሁለት ድስት

ሌሊቱን እንቅልፍ አልወሰደኝም። ያፈርኩት በምን እንደሆነ ለራሴ መንገር አቃተኝ። ማንም አልተጣላም፣ ማንም አልተራበም። ሲወጡ ሁለቱም ሴቶች መረቁኝ።

ያሳፈረኝ ይህን ነገር የማውቀው መሆኑ ነው። ተነግሮኝ አይደለም፣ በእጄ ሠርቼው ነው የማውቀው። የእኛ ሰፈር ድግስ ሁልጊዜ ሁለት ድስት ነው። ታላቅ ወንድሜ ሲያገባ በሬው እኛ ግቢ ታረደ፤ ለሙስሊም እንግዶች የሚሆኑት በጎች ደግሞ እማማ ሐረር ግቢ፣ በሰዎቿ እጅ። ሽንኩርቱ ብቻ ነው በጋራ የተከተፈ። ድስቱ ሌላ፣ ጭልፋው ሌላ፣ ቢላዋው ሌላ። እማዬ እንዳይምታታ የእነሱ ድስት ጆሮ ላይ አረንጓዴ ክር ታስር ነበር። ያንን ክር ስንት ጊዜ አስሬያለሁ። በ1998 ክረምት የደቻቱ ወንዝ በሌሊት ሞልቶ ከ200 በላይ ሰው ሲወስድ፣ በማግስቱ ቤታቸውን ውኃ ለበላባቸው ሰዎች ምግብ ሲሠራ እንኳ ሁለት ድስት ነው የተጣደው። በዚያ ሁሉ ለቅሶ መሃል ክሩ አልተረሳም።

እና እኔ እንዴት ረሳሁት? አዲስ አበባ ነው እንዳልል አዲስ አበባም ሙስሊም ጓደኞች አሉኝ፤ አብረን ስንወጣ እነሱ ቦታ ይመርጣሉ፣ እኔ እከተላለሁ። ምናልባት መልሱ እዚያ ነው። መምረጡን ለእነሱ ጥዬ መኖሬ። ወይም ደግሞ ሜኑ ሲቀርብልኝ ጥያቄ ሁሉ የተመለሰ ይመስለኛል። ሥጋ ቤት በር ላይ መስቀል ወይም ጨረቃ ይሳላል። ፉል ቤት ባለቤቱን ታውቁታላችሁ። ክላስ ያለው ቦታ ግን በሩ ላይ ምንም አይስልም። ለማንም የሆነ ይመስላል። ምልክት ከሌለ ደግሞ መጠየቅ የእንግዳው ዕዳ ይሆናል፤ ያውም በሰው ፊት፣ ድምፅ ዝቅ አድርጎ።

"ከፍትፍቱ ፊቱ" ይባላል። ስሰማው ያደግኩት ተረት ነው፣ አምንበታለሁም። ያ ቤት ግን ፊቱ ሞልቶለት ነበር። ሁሉም ፈገግ ይላል፣ ሁሉም ጎንበስ ይላል። የጎደለው ፍትፍቱ ነው።

ሌላም አለ። ይህን ለእህቴም አልነገርኳትም። ከዚራ ያለችው ባለ ግቢ፣ ድመቶቹ የሚዞሩባት፣ ያኔ ልጠይቃት ስሄድ እሷ ናት ቀድማ የጠየቀችኝ። ስንት ሰዓት ወይም ስንት ሰው አላለችም። እጇን በሽርጧ እየጠረገች "ስንቱ እስላም፣ ስንቱ ክርስቲያን?" አለችኝ። እኔ ተናደድኩ። የሰው ሃይማኖት ምን አገባት አልኩ በሆዴ። ገጠሬ ነገር መሰለኝ። ወጥቼ ባጃጅ ላይ ስቀመጥ ከዝርዝሬ ሰረዝኳት፤ ምክንያቷ ላይ "ሰርቪስ ደካማ" ብዬ ጻፍኩ። ስልኬ ላይ አሁንም አለ።

ዘይቱ አዲስ ይሁን

በሰኔ የእማማ ሐረር የልጅ ልጅ ከድሬ ዳዋ ዩኒቨርሲቲ ተመረቀች። እኔም ለምርቃቱ ከአዲስ አበባ መጣሁ። ሰኔ ድሬ ላይ ምን ማለት እንደሆነ የሚያውቅ ያውቃል። ቆርቆሮ ይጮኻል፣ ውሻ ጥላ ይከራያል። ኤሲ ያስፈልግ የነበረው ያኔ ነው። እማማ ሐረር ግን "ምሳውን ሐረር ነው የማደርገው፤ እዚህ ሰው ይቀቀላል" አለች። ሐረር ከድሬ ከ600 ሜትር በላይ ከፍ ትላለች፤ ደንገጎን ጨርሳችሁ ሐረማያ ጋ ስትደርሱ መስኮት ዘግታችሁ ነው የምትሄዱት። ቀን ስለሆነ መንገዱም አያስፈራም። ለእማዬ የምታሸተው ሎሚ ይያዝላታል።

የመረጠችው ጀጎል ውስጥ ያለ አሮጌ ቤት ነው። ሬስቶራንት የሚል ጽሑፍ የለውም። ቀድሞ ይደወላል፣ ስንት ሰው እንደሆነ ይነገራል፣ ይበስላል። ስትደውል አጠገቧ ሩዝ እየለቀምኩ ነበር።

እማማ ሐረር ሐረሪኛ ስታወራ ፍጥነቷ ሌላ ነው። አንድም ነገር አልተከተልኩም። አልፎ አልፎ ብቻ የማውቀው ቃል ብቅ ይላል። ጾም። ዘይት። እንደገና ጾም። ከዚያ ስልኩን በመዳፏ ሸፍና ወደ እኔ ዞረች።

"እናትሽ በሰኔ ጾም ዘይት የነካው ነገር ትበላለች አይደል? ቅቤ ነው የማትበላው።"

"አዎ። ቅቤና እንቁላልም አትበላም።"

"እሱንማ አውቃለሁ።" ተመለሰች። ረጅም ክርክር ተጀመረ። ድምጿ ከፍ አለ። እዚያ ማዶ ያለችው ሴትም ድምጿ ከፍ አለ። ሲያበቁ ተሳሳቁ፣ ስልኩ ተዘጋ።

"ምን ተጣላችሁ?" አልኳት።

"ሳምቡሳውን ነዋ። የምስር እሠራላታለሁ አለችኝ። የምስር ከሆነ ታዲያ የሥጋው ሳምቡሳ በተጠበሰበት ዘይት ሊጠበስ ነው ወይ አልኳት። ምን ችግር አለው፣ ዘይት ዘይት ነው አለች። አይደለም አልኳት። የእሷ ዘይቱ አዲስ ይሁን፣ መጥበሻውም ሌላ፣ ማውጫውም ሌላ። የሷ መጀመሪያ ይጠበስ፣ ከዚያ የኛ። ሽሮውም እንዲሁ ይሁን አልኳት።"

ይህን ስትል ጣቷን እያጠፈች ትቆጥራለች። አንድ ቀን ጾማ የማታውቀውን ጾም ከነሕጉ። እኔ፣ ክርስትና የተነሳሁት፣ ስለ መጥበሻው አላሰብኩም ነበር።

ስልኬን አውጥቼ ዝርዝሬን ከፈትኩ። ጀነሬተር፣ መኪና ማቆሚያ፣ ኬክ። እሷ አጮልቃ አየችና ምንድን ነው አለች። ቦታ ስመርጥ የምጠይቀው ነው አልኳት። አንብቢልኝ አለች። አነበብኩላት። ኤሲው ላይ ሳቀች። ደረጃው ላይ ስደርስ አስቆመችኝ።

"ደረጃ ለምን?"

"አባዬ ጉልበቱን ያመዋል።"

ዝም አለች። ከዚያ በመዳፏ ጭኗን መታች። "ውይ! እዚያ እኮ ነደባ ነው!"

ነደባ ማለት የሐረር ቤት ውስጥ ያለው ደረጃ ደረጃ ሆኖ የተሠራው መቀመጫ ነው። ጫማ ይወልቃል፣ ምንጣፍ ላይ ይወጣል፣ እግር ይታጠፋል። ለአባዬ ጉልበት ሞት ነው። የመጀመሪያ ጊዜ እሷ የረሳችውን፣ ሳላውቀውም ቢሆን፣ እኔ ይዤ ተገኘሁ። ወዲያው መልሳ ደወለች። አሁንም ክርክር። አሁንም ሳቅ። ከፍጥነቱ መሃል "ወንበር" የምትለዋን አማርኛ ሰማሁ።

በማግስቱ ጫማችንን በር ላይ አውልቀን ገባን። ግድግዳው ሙሉ ሰፌድና ሙዳይ ነው፤ የነደባው ጠርዝ በቀይ ተቀብቷል፤ ውስጡ እንደ ጓዳ ቀዝቀዝ ይላል። ተመራቂዋ ከፍ ያለው ላይ ከጓደኞቿ ጋር ወጣች። እማዬና እማማ ሐረር ትራስ ተደግፈው ጎን ለጎን ተቀመጡ፣ በመሃላቸው የጾሙ ሳምቡሳ ለብቻው በትንሽ ሳህን። እማዬ አንዱን አንስታ ገመጠችና "ትኩስ ነው" አለች፣ በሌላ እጇ ሁለተኛውን እየያዘች።

አባዬ ደግሞ ከታች፣ የዚያ ሁሉ ያማረ ቤት መሃል ላይ፣ ከየትኛው ጎረቤት እንደተዋሱት ባልታወቀ አንድ ሰማያዊ የፕላስቲክ ወንበር ላይ ተቀምጧል። እግሩን ዘርግቷል። ከወንበሩ መደገፊያ ላይ የሆነ ሰው ነጭ ጨርቅ ጣል አድርጎበታል። አባዬ ሳያየው በመዳፉ ይዳስሰዋል።